የሸዋ ጉም በውሃ ቀለም

አንድ አገር የቀድሞ መልኩን የሚያይበት መስተዋት ብዙ ዓይነት ነው። ዜና መዋዕል የነገሥታቱን ሥራ ይተርክልናል፤ ገድል የቅዱሳኑን ተጋድሎ ያወሳናል፤ ቅኔ የሊቃውንቱን ምስጢር ይዞ ይቆየናል፤ ቀረርቶና ፉከራ የጀግኖቹን ወኔ ያሰማናል። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ቅርስ መካከል ቁጭ ብለን አንዲት ቀላል ጥያቄ ብናነሣ መልስ የሚሰጠን እናጣለን፦ ምድሪቱ ራሷ ምን ትመስል ነበር? ጠዋት ጉም ሲያለብሳት፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲያነጣት፣ ማታ ጢስ ከየጎጆው ሲወጣባት የነበራት መልክ የት አለ?

ይህን ጥያቄ ይዤ የድሮ መጻሕፍትን ሳገላብጥ በቆየሁባቸው ዓመታት ደጋግሞ ያጋጠመኝ አንድ ስም አለ። ስሙ ከፍ ባለ ፊደል አይጻፍም፤ ብዙውን ጊዜ በሌላ ሰው ስም ሥር ተጠግቶ፣ በግርጌ ወይም በሥዕሉ ጠርዝ ላይ በትንንሽ ሆሄያት ነው የሚገኘው። ዮሐን ማርቲን በርናትዝ ይባላል። ጀርመናዊ ነው፤ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ነው፤ መሣሪያው እርሳስ፣ ወረቀትና የውሃ ቀለም ነበር። ከ1841 እስከ 1843 በሸዋ ምድር ተቀምጦ ያየውን ሣለ። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ብዬ ካልለየሁት በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ስለ እርሱ ለመጻፍ የተነሣሁት የእኛን አገር የሳለ ባዕድ ሁሉ ምስጋና ይገባዋል ብዬ አይደለም። የምኖረው ልደታ ነው። ልደታ ደግሞ መልኳን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሁለትና ሦስት ጊዜ የለወጠች ሰፈር ናት። መልክ እንዴት እንደሚጠፋ ዐይቻለሁና፣ መልክ እንዴት እንደሚተርፍ የሚያሳየኝን ሰው መፈለጌ አልቀረም።

*

አስቀድመን የእኛን የሥዕል ትውፊት እናስብ። የኢትዮጵያ ሠዓሊ ብራናውንም ሆነ የቤተ መቅደሱን ግድግዳ ሲያቀና ዐይኑ የሚያርፈው በሰው ፊት ላይ ነው፤ ይልቁንም በቅዱሳን ፊት ላይ። ሰፋፊዎቹ ዓይኖች፣ የእጆቹ ምልክት፣ የልብሱ እጥፋት ሁሉም ትርጉም አላቸው። ከምስሉ ጀርባ ያለው ግን ባዶ መደብ ነው፤ ወይ ያልተቀባ ብራና፣ ወይ በቢጫ፣ በአረንጓዴና በቀይ የተከፈለ ቀለም። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች የሠሯቸውን ሥዕሎች ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ጊዮርጊስ ዘንዶውን የሚወጋበት ቦታ ስም የለውም፤ ሰማዩ የትኛውም ሰማይ ነው።

ይህ ጉድለት አይደለም። ለዘለዓለማዊ ነገር የሚሣል ሥዕል የዕለቱን ደመና አይፈልግም። ይሁን እንጂ ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ላሊበላን የወቀረ፣ ጎንደርን ያነፀ ሕዝብ ስለ ተራራው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ እርሻው የተሣለ ሥዕል አልተወልንም። መልክዓ ምድር ለብቻው የሥዕል ርእስ የሚሆነው በሌላ ዓይነት ዐይን ፊት ነው፤ መንገደኛ በሆነ፣ የሚያየው ሁሉ አዲስ በሆነበት፣ ነገ እንደማያገኘው በሚያውቅ ዐይን ፊት። በርናትዝ ያ ዐይን ነበረው።

*

በርናትዝ የተወለደው በ1802 በራይን ወንዝ ዳር ባለችው በሽፓየር ከተማ ነው። ሽፓየር በጥንታዊ ካቴድራሏ የታወቀች ከተማ ናት። የሕይወቱ መታጠፊያ የመጣው በ1836 ነው። በዚያ ዓመት የሙኒኩ የተፈጥሮ ታሪክ ሊቅ ጎትሂልፍ ሃይንሪክ ፎን ሹበርት ወደ ግብፅ፣ ወደ ሲና በረሃና ወደ ኢየሩሳሌም ሲነሣ ሠዓሊ አድርጎ የወሰደው በርናትዝን ነበር። ከጉዞው ሲመለስ የሣላቸው የቅድስት አገር ሥዕሎች ከ1839 ጀምሮ በሽቱትጋርት ታተሙለት። አብሮት ከተጓዙት ወጣቶች አንዱ ዮሐንስ ሮት የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር፤ ይህን ስም እንያዘው፤ ሁለቱ ሰዎች በሸዋ ተራሮች ላይ ዳግመኛ አብረው ይገኛሉና።

በ1837 የጸደይ ወራት ሹበርትና ጓዶቹ ሙት ባሕር ዳር ደርሰው የአየር ግፊት መለኪያቸውን ሲመለከቱ፣ የቆሙበት ምድር ከባሕር ወለል እጅግ ዝቅ ያለ መሆኑን ተረዱ። በዚያው ዓመት፣ ከእነርሱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ ሙርና ቤክ የሚባሉ ሁለት መንገደኞች የፈላ ውሃን ሙቀት በመለካት ወደዚያው ድምዳሜ ደርሰው ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ቻርልስ ቤክ የተባለ ሌላ ሰው ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ገባ። በርናትዝም በ1841 ያንኑ መንገድ ይዞ በአሳል ሐይቅ ዳር አለፈ። አሳል ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኝ የአፍሪካ ዝቅተኛው ስፍራ ነው። እንግዲህ የዓለምን ዝቅተኛ ምድር በሙት ባሕር ያየ ሠዓሊ፣ የአፍሪካንም ዝቅተኛ ምድር በአሳል አየ ማለት ነው። ሁለቱም ጨው ናቸው፤ ሁለቱም ነጭ ናቸው። ነጩ ወረቀት ብርሃን ሆኖ ለሚያገለግልበት የውሃ ቀለም ሠዓሊ ከዚህ የበለጠ ፈተናም ሆነ ስጦታ ያለ አይመስለኝም።

*

በርናትዝን ወደ እኛ አገር ያመጣው የሥዕል ፍቅር ብቻ አልነበረም። ከሕንድ የተነሣ የፖለቲካ ጉዳይ ነበር። በቦምቤይ የነበረው የብሪታንያ አስተዳደር ከሸዋው ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ለመዋዋል ፈልጎ በሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ ተልእኮ አዘጋጀ። በተልእኮው ውስጥ ረዳት የሆነው ሻምበል ግሬየም፣ ሐኪሞች፣ የመሬት ቀያሽ፣ አጃቢ ወታደሮች፣ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሆኖ ዶክተር ሮት፣ ሠዓሊ ሆኖ በርናትዝ ነበሩበት። ፎቶግራፍ ለዓለም ከተገለጠ ገና ሁለት ዓመት ብቻ ሆኖት ስለ ነበር፣ አንድ መንግሥት የሩቅ አገርን መልክ ለማወቅ ሲፈልግ አሁንም የሚልከው ሠዓሊ ነበር።

ተልእኮው በሚያዝያ መጨረሻ 1841 ከቦምቤይ ተነሥቶ በዓደን በኩል በግንቦት ወር ታጁራ ደረሰ። ከዚያ የጀመረው የአፋር በረሃ ጉዞ የዋዛ አልነበረም። ግመል መከራየት፣ ከባላባቶቹ ጋር መደራደር፣ ከውሃ ጉድጓድ እስከ ውሃ ጉድጓድ መቁጠር፣ ከቀን ሐሩር ለማምለጥ በሌሊት መጓዝ ነበረባቸው። ጉንጉንቴ በተባለ ሸለቆ በሰፈሩበት ሌሊት ሁለት ወታደሮችና አንድ ፖርቱጋላዊ ተከታይ በተኙበት ተገደሉ። ከእንዲህ ያለ ሌሊት በኋላ በነጋታው ወረቀት ዘርግቶ የገደሉን ቅርፅ መሣል ምን ዓይነት ልብ እንደሚጠይቅ አንባቢ ይፍረድ።

የውሃ ቀለም ሥራ በበረሃ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሌላም ነገር ያስባል። የዘይት ቀለም ሠዓሊ ጊዜ አለው፤ ቀለሙ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ተመልሶ ያርማል። የውሃ ቀለም ግን ምሕረት የለውም። ብሩሹ አንድ ጊዜ ከተጫነ የሚመለስበት መንገድ የለም፤ ብርሃን የሚባለው ነገር ሁሉ ያልተነካው የወረቀቱ ንጣት ነው፤ የሸፈኑትን ንጣት መልሶ ማግኘት እጅግ ያስቸግራል። በሐሩር ምድር ውሃው ገና ሳይሰራጭ ወረቀቱ ላይ ይደርቃል፤ ሠዓሊው የሰማዩን ስፋት በአንድ ትንፋሽ ካልጨረሰ ሰማዩ ጠባሳ ያወጣል። ያም ብቻ አይደለም፤ ቀለሙን የሚበጠብጥበት ውሃ የጓዱ የመጠጥ ውሃ ነው።

*

ከበረሃው ወጥተው፣ አዋሽን ተሻግረው፣ ወደ ደጋው ሽቅብ የወጡት ክረምቱ ሲገባ ነው። ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር በማሃል ወንዝ ተገናኙ፤ መኖሪያቸውም በአንኮበር ሆነ። እዚህ ላይ የሠዓሊው ችግር ፊቱን አዞረ። አንኮበር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የተራራ ጫፍ ላይ፣ ቆላውን ቁልቁል እያየች የተቀመጠች ከተማ ናት። ከታች ከአፋር ሜዳ የሚነሣው ትኩስ አየር ወደ ገደሉ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ከሰዓት በፊት ያየኸው ተራራ ከሰዓት በኋላ የለም። የክረምት እርጥበት ወረቀቱን ያለሰልሳል፤ ቀለሙ አልደርቅ ብሎ ከመስመሩ ያልፋል።

ነገር ግን ጉምን ለመሣል ከውሃ ቀለም የተሻለ መሣሪያ አልተገኘም። ጉም ራሱ ውሃ ነውና። የቅርቡን ዛፍ በደማቁ፣ መካከለኛውን ሸንተረር በሣሣው፣ የሩቁን ቆላ ደግሞ በውሃ ብዛት ሊጠፋ በተቃረበ ሰማያዊ ማስቀመጥ፣ የአንኮበር ምድር ራሷ የምታስተምረው ትምህርት ነው። ዛሬም ከአንኮበር ገደል አፋፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ያየ ሰው ሸንተረር በሸንተረር ላይ እየሣሣ ሲሄድ ያያል፤ የመጨረሻው ሸንተረር ምድር ይሁን ሰማይ አይለይም።

በርናትዝ በሸዋ የቆየበት ዘመን ለእኛ ውድ የሚሆነው በአንድ በጣም ቀላል ምክንያት ነው፤ እርሱ ባያት ሸዋ ውስጥ ባሕር ዛፍ የለም። ዛሬ ያለ ባሕር ዛፍ የሸዋን ደጋ በዐይነ ሕሊናው ሊስል የሚችል ሰው ካለ ይንገረኝ። ያ ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ከበርናትዝ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። የቆርቆሮ ጣራም የለም። ጽድ፣ ወይራና ኮሶ የበቀሉበት ተራራ፣ የሣር ክዳን ጎጆ፣ በእሾህ አጥር የተከበበ ቅጥር፣ ከታች የገብስና የስንዴ ማሳ፤ ይህ ነው የዚያ ዘመን ደጋ። እኛ ጥንታዊ ነው የምንለው የገጠር መልክ አብዛኛው ከአያቶቻችን ዕድሜ የማያልፍ መሆኑን የሚያስታውሰን እንዲህ ያለ የዓይን ምስክር ነው።

ውሉ በኅዳር 1834 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ኅዳር 16 ቀን 1841 ተፈረመ። እንግሊዞቹ ያመጧቸው መድፎችና ጠመንጃዎች፣ ሻሎችና ሰዓቶች ለንጉሡ ተበረከቱ። የተዋዋሉት ነገር ግን ብዙ ፍሬ አላፈራም። ተልእኮው በ1843 ከሸዋ ወጣ፤ ንጉሡም በ1847 አረፉ። ስለዚህ ለታሪክ ጸሓፊ የሃሪስ ተልእኮ ከሞላ ጎደል ያልተሳካ ዲፕሎማሲ ነው። ከዚያ ሁሉ ድካም ዛሬ በእጃችን የቀረው ወረቀት ነው፤ የተጻፈውና የተሣለው።

*

አሁን ወደ ሰፈሬ የሚያደርሰኝን ነገር ላንሣ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በየዓመቱ ሠራዊታቸውን አስከትተው ወደ ደቡብ የሚዘምቱበት ልማድ ነበራቸው። የእንግሊዙን መልእክተኛም በአንዱ ዘመቻ ይዘውት ሄዱ። ሃሪስ በ1844 በሦስት ቅጽ ባሳተመው መጽሐፉ ያንን ዘመቻ ይተርካል። በትረካው ውስጥ የፊንፊኔ ሸለቆ ትገኛለች፤ ለምለም መስክ፣ የደረሰ ሰብል፣ ከብቶች፣ የተረጋጉ የኦሮሞ መንደሮች። ወዲያውም ሠራዊቱ እንደ ጎርፍ ሲወርድባት፣ ጎጆዎቹ ሲቃጠሉ፣ ነዋሪዎቹ ሲገደሉና ሲማረኩ ይተርካል። በአንድ ገጽ ላይ የውበት መግለጫና የጥፋት መግለጫ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ይህ ቦታ ዛሬ አዲስ አበባ የምንለው ነው። በሕዝብ ዘንድ የሚነገር አንድ ትውፊት አለ፤ ሣህለ ሥላሴ በዚህ ሸለቆ በአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳለ የልጅ ልጃቸው በዚህ ምድር ላይ ከተማ እንደሚሠራ ተናገሩ ይባላል። የልጅ ልጃቸው ምኒልክ በ1844 በአንጎለላ ተወለዱ፤ በ1886 ከተማይቱ ተቆረቆረች። ትንቢቱን ሁላችን ሰምተነዋል። ከትንቢቱ በፊት በሸለቆው ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ያቺን ቀን እንዴት እንዳዩዋት ግን የተጻፈልን የለም። የሃሪስ ትረካ፣ ምንም እንኳ የእንግዳ ሰው ትረካ ቢሆን፣ በዚያ ዝምታ ውስጥ የገባ አንድ ስንጥቅ ብርሃን ነው።

የመልክዓ ምድር ሥዕል ከባድ ጥያቄ የሚገጥመውም እዚህ ላይ ነው። ለምለሙን መስክ ሥሎ ባለቤቱን የተወ ሥዕል እውነት ነው ወይስ ሐሰት? ባዶ ሆኖ የተሣለ ምድር ለሚመጣው ሰው ሁሉ «ባለቤት የለኝም፤ ና ውሰደኝ» የሚል ይመስላል። በዚያ ዘመን ከአውሮፓ የወጡ ብዙ የመልክዓ ምድር ሥዕሎች ይህን ኃጢአት ሠርተዋል። በርናትዝ በአመዛኙ ከዚህ ይድናል ብዬ አምናለሁ። ሥዕሎቹ ሰው አላቸው፤ ግመል የሚነዳ፣ ጦር የያዘ፣ ገበያ የወጣ፣ በዛፍ ጥላ የተቀመጠ ሰው። ሰዎቹ ከተራራው አጠገብ ትንንሾች ናቸው፤ ነገር ግን የተራራው ጌጥ አይደሉም፤ መንገዱ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ይህም ሆኖ ሠዓሊው የመጣው ከመድፍ ጋር በአንድ ጓዝ መሆኑን መርሳት አይገባንም። ብሩሹ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ግመሉን የከፈለው ሌላ ነው።

*

ከጉዞው በኋላ የሁለቱ ሰዎች ዕጣ ለየቅል ሆነ። የሃሪስ መጽሐፍ ወዲያው ተነበበ፤ በታተመበት ዓመት ዳግመኛ ታተመ፤ ሃሪስም በተልእኮው የ«ሰር» ማዕረግ አገኘ። ተችም አላጣም፤ በዚያው ዘመን ሸዋን ያየው ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን የሃሪስን ያጌጠ አጻጻፍ ተቃውሞ በ1844 የራሱን የጉዞ መጽሐፍ አወጣ። በርናትዝ ግን ወደ ሙኒክ ተመልሶ ዝም አለ። የራሱ መጽሐፍ የወጣው በ1852 ነው፤ ከሸዋ ከወጣ ዘጠኝ ዓመት በኋላ። መጽሐፉ በኢትዮጵያ የታዩ ትእይንቶች የሚል ርእስ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ትልቅ አልበም ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሞቃቱን የአፋር ቆላ፣ ሁለተኛው ቀዝቃዛውን የሸዋ ደጋ ይይዛል። ከእያንዳንዱ ሥዕል ጋር ሠዓሊው ራሱ የጻፈው ማብራሪያ አለ።

ይህ አከፋፈል ብዙ ይናገራል። ሃሪስ መጽሐፉን በድርጊት ከፈለው፤ መነሣት፣ መድረስ፣ መዋዋል፣ መዝመት። በርናትዝ በሙቀትና በቅዝቃዜ ከፈለው። የሠዓሊ ታሪክ አጻጻፍ እንዲህ ነው፤ ማን ማንን አሸነፈ ሳይሆን ብርሃኑ እንዴት ወደቀ፣ አየሩ ምን ያህል ከበደ ብሎ ይጠይቃል።

ያን ጊዜ የውሃ ቀለም ሥዕልን ማብዛት የሚቻለው ሊቶግራፍ በተባለው የድንጋይ ኅትመት ነበር። ሥዕሉ በቅባታማ ቀለም በለሰለሰ ድንጋይ ላይ እንደገና ይሣላል፤ ድንጋዩ ውሃ ሲጠጣ ቅባቱ ውሃውን ይገፋል፤ የኅትመቱ ቀለም ሲዳመጥበት በቅባቱ ላይ ብቻ ይይዛል። ዘዴው ራሱ በጀርመን ምድር በአሎይስ ዜኔፌልደር የተፈለሰፈ ነው፤ ሙኒክም የሙያው መዲና ነበረች። ነገር ግን በዚህ መንገድ ያለፈ የውሃ ቀለም ሥዕል እስትንፋሱ ይቀንሳል። ቆላውን ከሰማይ ያጋባው ሣሣ ያለ ሰማያዊ በድንጋዩ ላይ መስመር ይሆናል። ስለዚህ የበርናትዝን አልበም የሚያይ ሰው የጉሙን ትዝታ እንጂ ጉሙን ራሱን እንደማያይ ማወቅ አለበት።

በርናትዝ በ1878 በሙኒክ አረፈ። 76 ዓመቱ ነበር።

*

እርሱ ብቻውን አልነበረም። ከእርሱ በፊት ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ በ1805 ትግራይን አይቶ የሣላቸውን መልክዓ ምድሮች በ1809 በትልቅ አልበም አሳትሟል። ከእርሱ በኋላ በ1868 ዊልያም ሲምሰን የተባለው የጦር ሜዳ ሠዓሊ ከናፒየር ሠራዊት ጋር መጥቶ የመቅደላን መንገድ በውሃ ቀለም ሥሏል። ከሁሉም ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን ኤድዋርድ ሳንደር ነው። እርሱም ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበር፤ በ1847 መጥቶ ሳይመለስ ቀረ። በሰሜን ከደጃዝማች ውቤ፣ ኋላም ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ኖሮ፣ ከኢትዮጵያዊት ሚስት ወልዶ፣ መቅደላ በወደቀችበት በ1868 ዓመት ዐረፈ። የዘር ሐረጉ ዝነኛው ተዋናይና ጸሓፊ ፒተር ኡስቲኖቭ ድረስ ይዘልቃል። ሶልትና ሲምሰን አይተው ሄዱ፤ ሳንደር አይቶ ቀረ። በርናትዝ በመካከል ነው፤ ሁለት ዓመት ማለት ለእንግዳ ብዙ፣ ለነዋሪ ግን ጥቂት ነው።

የእኛ ልጆች ብሩሹን ተቀብለው ወደ ምድራቸው እስኪያዞሩት ድረስ ብዙ ዘመን አለፈ። አገኘሁ እንግዳ በ1926 ወደ ፓሪስ ተልኮ የሥዕል ትምህርቱን ተከታተለ፤ በ1957 አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በአዲስ አበባ መሠረቱ። ከዚያ ወዲህ ደብተር ይዞ ወደ መስክ የሚወጣ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ብርቅ መሆኑ ቀረ። ቢሆንም በሥዕል አዳራሾቻችን የውሃ ቀለም እስከ ዛሬ የዘይት ቀለም ታናሽ ወንድም ተደርጎ ይቆጠራል። ለልጆች መለማመጃ፣ ለሠዓሊ ማስታወሻ፣ ለገዢ ርካሽ ነገር ነው ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የሚያልፍን ነገር ለመያዝ የሚያልፍ ነገር ይሻላል፤ ብርሃን ደግሞ ሥዕሉ እስኪደርቅ አይጠብቅም።

*

እነሆ ስለ ልደታ። ስሟን ያገኘችው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ሲጀምር አውሮፕላኖቹ የሚነሡትና የሚያርፉት በልደታ ሜዳ ነበር፤ ቦሌ እስኪሠራ ድረስ፣ ከሰማይ ለሚመጣ እንግዳ የኢትዮጵያ የመጀመሪያ መልክ ይህች ሰፈር ነበረች። በኋላ ሜዳው ተዘጋ፤ ቤቶች ሞሉት። ከ2001 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ አሮጌዎቹ የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶች በብዛት ፈርሰው በምትካቸው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችና ረጃጅም ፎቆች ተተከሉ። በ2008 ዓ.ም. መግቢያ የከተማው ባቡር በድልድይ ላይ ማለፍ ጀመረ።

ለውጡን ለመርገም አልተነሣሁም። በነዚያ ቤቶች ውስጥ የነበረውን የዝናብ ፍሳሽ፣ ለስንት ቤተሰብ አንድ የነበረውን መጸዳጃ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው ስለ አሮጌው ሰፈር ያለ ኀፍረት የሚያለቅስ። ነገር ግን የጠፋው ቤት ብቻ አይደለም። በሁለት አጥር መካከል የሚታየው የእንጦጦ ቁራጭ ጠፋ። ግንቦት ልደታ ሲመጣ ጎረቤት ተሰብስቦ ንፍሮ የሚበላበት ደጅ ጠፋ። የቆርቆሮው ዝገት ከዝናብ በኋላ የሚይዘው ቀለም ጠፋ፤ ያን ቀለም በስም ልጠራው አልችልም፤ በውሃ ቀለም ግን ምናልባት ይገኝ ነበር። ዛሬ እያንዳንዳችን በኪሳችን ካሜራ ይዘን እንዞራለን፤ ሺህ ጊዜ ፎቶ እናነሣለን፤ አንድም ጊዜ ግን አንድን ግድግዳ አንድ ሰዓት ሙሉ አንመለከትም። ሠዓሊን ከእኛ የሚለየው እጁ ብቻ አይደለም፤ መቆየቱም ነው።

ከ1841 እስከ ዛሬ በዚህ ሸለቆ ዙሪያ ያልተለወጠው ነገር ጥቂት ነው። እንጦጦ በሰሜን፣ ወጨጫ በምዕራብ፣ የረር በምሥራቅ አሁንም አሉ። በእነርሱ መካከል ያለው ሁሉ ግን ሲበቅልና ሲነቀል ኖሯል፤ መጀመሪያ የፊንፊኔ መንደሮች፣ ቀጥሎ የመኳንንት ሰፈሮች፣ ቀጥሎ የቆርቆሮ ቤቶች፣ አሁን ደግሞ ፎቆች። ከእነዚህ ሁሉ መሄዱን ለሌላው ያስታወቀ የለም፤ ሁሉም እዚህ ለዘለዓለም እንደሚኖር ያስብ ነበር።

በርናትዝ ይህን ሁሉ አላሰበም፤ የታዘዘውን ሥራ ነው የሠራው። ሆኖም ጨዋው ሠዓሊ ሳያውቀው ለአንድ ሕዝብ ከመድፎቹ ሁሉ የበለጠ ዕድሜ ያለው ስጦታ ትቷል፤ መድፎቹ ዝገው ወድቀዋል፤ የአንኮበር ቤተ መንግሥትም ፍርስራሹ ብቻ ቀርቷል፤ በወረቀት ላይ የነካት የአንኮበር ተራራ ግን አሁንም አለች፤ ያለ ባሕር ዛፍ፣ ያለ ቆርቆሮ፣ ሰዎቿ በመንገዷ ላይ እየሄዱ።

ከአንባቢዎቼ መካከል ብሩሽ የያዘ ካለ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቆንጆውን ቦታ ፍለጋ ሩቅ አይሂድ። የሚፈርሰውንና የሚሠራውን፣ በሁለቱ መካከል የቆመውን ሰው፣ በሰፈሩ ጫፍ የሚታየውን የተራራ ቁራጭ ይሣል። ቀለሙ ጥቂት ይበቃል፤ ውሃውም ከቤት አይጠፋም።